መጀመሪያ ብቅሉ፣ ቀጥሎ ፓምፑ፦ በኤሌክትሪክ ድስት ዎርት ስለማዘዋወር

ሜሪላንድ ውስጥ ቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ ወገኖች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ድስት ስንጠምቅ ዎርቱን ከሥር እየሳበ ወደ ላይ የሚመልሰውን ፓምፕ እንዴት እናደራጀው? ዎርት ስል ብቅሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ማለቴ ነው፤ ገና እርሾ ያልነካውን። ብዙዎቻችሁ ባለ 35 ሊትሩን ድስት ገዝታችኋል፣ ወይም ልትገዙ አስባችኋል። ግሬንፋዘር ይሁን ብሩዚላ፣ አንቪል ፋውንድሪ ይሁን ሌላ፣ አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። ከሥር ማሞቂያ አለ። በላዩ ብቅል የሚይዝ ባለ ወንፊት ቅርጫት ይገባል። ከሥር ዎርቱን የሚስብ ፓምፕ አለ፤ ከፓምፑ ወደ ላይ የሚወጣ ቱቦ ወይም ጎማ አለ። የጀርመኑ ብራውማይስተር ግን ለየት ይላል፤ ዎርቱን ከታች ወደ ላይ በብቅሉ መሃል ነው የሚገፋው። ዛሬ የምናወራው ከላይ ወደ ታች ስለሚፈሰው ነው።

ሕጉን የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ በአጭሩ ልበለው። አሜሪካ ውስጥ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በጥቅምት 1978 በፈረሙት ሕግ ነው። አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ባሉበት ቤት 200 ጋሎን ይፈቀዳል። 200 ጋሎን ወደ 757 ሊትር ነው፤ ለማንም ቤት ይበቃል። መሸጥ ግን አይቻልም። በቃ፣ ወደ ድስታችን።

ድስቱን የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ፓምፑ ነው። ስንት ሊትር ይገፋል? ጠንከር ያለውን ልግዛ? እኔ ደግሞ መልሼ ስለ ወፍጮው እጠይቃለሁ። ብቅልህን እንዴት ነው የምታስፈጨው? ምክንያቱም ዎርቱ በምን ፍጥነት እንደሚዘዋወር የሚወስነው ፓምፑ አይደለም። ዎርቱ የሚያልፍበት ብቅል ነው። ፓምፑ በደቂቃ 15 ሊትር መግፋት ቢችል እንኳ፣ ብቅሉ 2 ሊትር ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ በእጃችን ያለው 2 ሊትር ነው። ከዚያ በላይ ብንገፋ ትርፉ ጣጣ ነው። ዛሬ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ የምፈልገው ይህንን ነው።

ለምን ማዘዋወር እንዳስፈለገ ግን አስቀድመን እንይ። ጠላ ስንጠምቅ ሙቀቱን በዲግሪ አንከታተልም። ብቅሉ፣ እንኩሮው፣ ጌሾው ቀናት አብረው ይቆያሉ። ስታርቹ ወደ ስኳር፣ ስኳሩ ወደ አልኮል የሚለወጠው እየተደራረበ ነው። ጊዜ ስላለው ይደርሳል። ቢራ ላይ ግን ስታርቹን ወደ ስኳር የመለወጡ ሥራ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ነው የምንፈልገው። ያ ደግሞ ሙቀት መጠበቅን ይጠይቃል።

ብቅሉ ውስጥ ሁለት ዋና ሠራተኞች አሉ። ቤታ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይመቸዋል፤ እርሾ የሚበላውን ስኳር የሚያወጣው በዋናነት እሱ ነው። አልፋ አሚሌዝ ደግሞ 70 ዲግሪ አካባቢ ይፈጥናል፤ ረጃጅሙን ስታርች ይቆራርጣል። እኛ ብዙ ጊዜ 66 ወይም 67 ላይ የምንቆመው ሁለቱንም አብረን ለማሠራት ነው። ሙቀቱ ወደ 63 ካዘነበለ ቢራው ቀጠን፣ ደረቅ ይላል። ወደ 70 ከወጣ ወፍራምና ጣፈጥ ያለ ይሆናል። ጥቂት ዲግሪ ነው ልዩነቱ፤ ብርጭቆ ውስጥ ግን ጎልቶ ይወጣል።

ችግሩ የእኛ ማሞቂያ ያለው ከሥር ነው። ብቅሉ ደግሞ ወፍራም ድፍድፍ ሆኖ ከላይ ተቀምጧል። ዝም ብለን ብንተወው ከሥር ያለው ዎርት ይግላል፤ ላይኛው ይቀዘቅዛል። እያማሰልን ልንቆም እንችላለን፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ግን ማን ያማስላል? ስለዚህ ፓምፕ ገባ። ሥራው ሙቀትን ከሥር ወደ ላይ ማመላለስ ነው። ዎርቱን ማጥራትም አለበት፤ እሱ ግን አብሮ የሚመጣ ጥቅም ነው።

አሁን ቁጥር ውስጥ እንግባ። ከባድ አይደለም፣ ማካፈልና ማባዛት ነው።

አንድ ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ዎርትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በደቂቃ 2 ሊትር እናዘዋውራለን እንበል። እንዲያ ከሆነ የሚዘዋወረው ዎርት ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት 139 ዋት ገደማ ይሸከማል። ይህችን 139 ያዙልኝ።

ድስታችሁ በጎኑና በክዳኑ በኩል 140 ዋት ያህል ሙቀት ያጣል እንበል። ታዲያ ከላይ በ67 የገባው ዎርት ብቅሉን አልፎ ከሥር ሲወጣ 66 ይሆናል። አንድ ዲግሪ ብቻ፤ ምንም አይደለም። ፍጥነቱን ወደ 1 ሊትር ብታወርዱት ልዩነቱ 2 ዲግሪ ይሆናል። ግማሽ ሊትር ላይ 4 ዲግሪ። እዚህ ላይ የብቅሉ ላይኛውና ታችኛው ክፍል የተለያየ ቢራ እየሠሩ ነው ማለት ነው። ድስቱን ለእሱ በተሠራው ጃኬት ብትጠቀልሉትና የሚጠፋው ሙቀት በግማሽ ቢቀንስ፣ ልዩነቱም በግማሽ ይቀንሳል። ገንዘብ ካላችሁ ትልቅ ፓምፕ ከመግዛት ጃኬቱን ግዙ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ከወዲያ በኩል እንየው። ማሞቂያው 1500 ዋት ነው። 1500ን ለ139 ስታካፍሉት 10.8 ይመጣል። እየተዘዋወረ ያለው 2 ሊትር ሆኖ ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ ሳይጠፋ ከቆየ፣ ከቅርጫቱ በ66 ዲግሪ የወረደው ዎርት ፓምፑ ጋ ሲደርስ 77 ሊጠጋ ይችላል። ኢንዛይሙ ደግሞ ብቅሉ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቀንም። ዎርቱ ውስጥ ሟሙቷል። በየዙሩ ከዎርቱ ጋር አብሮ ማሞቂያው ላይ ያልፋል። ቤታው በ77 ዲግሪ ብዙ አይቆይም፤ ይሞታል። እናንተ ከላይ ቴርሞሜትር ብቅሉ ውስጥ ሰክታችሁ ‘66 ነው፣ ሁሉ ሰላም ነው’ ትላላችሁ። ከሥር ግን ሠራተኞቻችሁ እያለቁ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ድፍድፉ አንዴ ሙቀቱን ከያዘ በኋላ ማሞቂያውን ዝቅ አድርጉት። በ500 ዋት ያው ስሌት 3.6 ዲግሪ ይሰጣል። ይህ የሚቻል ነው። ብዙዎቹ ድስቶች ኃይሉን በመቶኛ ወይም በሁለት ማብሪያ መቀነሻ አላቸው። ሙሉውን ኃይል ውሃ ስታሞቁና ስታፈሉ ተጠቀሙበት። ድፍድፍ ላይ ግን ኃይል ቆጥቡ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የሙቀት መለኪያው ቦታ ነው። ከብዙዎቹ ድስቶች ጋር የሚመጣው መለኪያ ከሥር፣ ማሞቂያው አጠገብ ነው። እሱ የሚነግራችሁ ከሥር ስላለው ጥቂት ሊትር ዎርት እንጂ ስለ ብቅሉ አይደለም። ማሞቂያው እንደበራ ቶሎ ‘ደረስኩ’ ይላል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ በዚህ ተናዶ መለኪያውን ብቅሉ መሃል ይሰካዋል። ያ ይብሳል። ብቅሉ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ እስኪሞቅ ማሞቂያውን አያጠፋም። ያን የ77 ዲግሪ ታሪክ የሚያመጣው ይኸው ነው።

የኔ ምርጫ ከፓምፑ በኋላ፣ ዎርቱ ወደ ላይ በሚወጣበት መስመር ላይ ነው። ቲ የምንለውን መገጣጠሚያ አስገብታችሁ መለኪያውን እዚያ ስኩት። እዚያ የሚነበበው ሙቀት ወደ ብቅሉ የሚገባው ሙቀት ነው። መቆጣጠሪያውን በዚህ ብታዙት ብቅሉ ከዚያ በላይ የሚግልበት መንገድ የለም። ቀስ ብሎ ይደርስበታል እንጂ አያልፈውም። ለልባችሁ ማረፊያ ሁለተኛ የእጅ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ፤ ብቅሉን አልፎ አልፎ ለካ ለካ አድርጉት። ሁለቱ በ1 ዲግሪ ከተቀራረቡ በጥሩ መንገድ ላይ ናችሁ። መቆጣጠሪያችሁ ፒአይዲ የሚባለው፣ ሙቀቱን እያየ የማሞቂያውን ኃይል ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነና ራሱን እንዲያስተካክል የምታዙት ከሆነ፣ ፓምፑ እየሠራ አዙት። ፓምፑ ቆሞ የተማረውን ፓምፑ ሲነሳ አይጠቀምበትም።

ወደ ወፍጮው ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ብያለሁ።

ብቅል ለዚህ ሥራ አይፈጭም፤ ይከካል። ውስጡ ይሰበር፣ ገለባው ግን ሙሉ ይቅር። ያ ገለባ ነው ማጥለያችን። ዎርቱ የሚያልፍበትን ክፍተት የሚጠብቀው እሱ ነው። ገለባው ከደቀቀ ድፍድፉ ሊጥ ይሆናል። ባለ ሁለት ሮለር ወፍጮ ካላችሁ በሮለሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከ1.0 እስከ 1.2 ሚሊሜትር አድርጉት። ብዙ ሰው በክሬዲት ካርድ ይለካል። ክሬዲት ካርድ 0.76 ሚሊሜትር ነው። በከረጢት እያማሰለ ለሚጠምቅ ሰው ይሆናል። ዎርት ለሚያዘዋውር ግን ይጠብባል። ሱቅ የምታስከኩ ከሆነ ‘ሁለት ጊዜ አሳልፍልኝ’ አትበሉ። የስኳር መጠኑ ትንሽ ቢጨምርም ዝውውሩን ይገድለዋል።

አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ከመከካቱ 10 ደቂቃ በፊት ብቅሉን በትንሹ ማርጠብ። ለ5 ኪሎ ብቅል 100 ግራም ያህል ውሃ በመርጫ ፍፍ እያደረጋችሁ በእጃችሁ አገላብጡት። ገለባው ለስለስ ይልና ሳይሰባበር እንደ ቅጠል ተላቆ ይወጣል። ውስጡ ግን ደረቅ ስለሆነ ጥሩ አድርጎ ይሰበራል። ከተከካ በኋላ እፍኝ ዘግናችሁ ተመልከቱት። ባዶ ገለባው ሁለት ላይ ተከፍሎ ግን ሳይደቅ ይታያል። ነጩ ውስጡ ሦስት አራት ቦታ ተሰብሯል። ዱቄቱ ጥቂት ነው፤ ጣታችሁ ላይ ብን ብሎ ይቀራል። ይህን ካያችሁ ፓምፑ ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል። ያረጠባችሁትን ብቅል ግን አታሳድሩት፤ ወዲያው ተጠቀሙበት። ሮለሩንም በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ እርጥብ ዱቄት ብረት ላይ ደርቆ ይቀራል።

እሺ፣ ፓምፑ። ከድስቱ ጋር ያልመጣላችሁ፣ ለብቻው የምትገጥሙት ከሆነ፣ የቤት ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት በማግኔት የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። ሞተሩና የሚሽከረከረው ክንፍ በብረት አልተያያዙም፤ ማግኔት ነው የሚያገናኛቸው። ስለዚህ የሚያፈስ ዘንግ የለውም፤ ሲታፈንም ሞተሩ ቶሎ አይጎዳም። ነገር ግን አየር አይስብም። ራሱን በፈሳሽ መሙላት አይችልም። ከድስቱ መውጫ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ዎርቱ በራሱ ክብደት ወርዶ ይሙላው። መግቢያው ላይ ያለው ጎማ አጭርና ወፍራም ይሁን። ግማሽ ኢንች ውስጠኛ ስፋት ያለው የሲሊኮን ጎማ ጥሩ ነው። መሃል ላይ ጉብታ አትሥሩበት፤ አየር እዚያ ይከማቻል፤ ፓምፑም እየጮኸ ባዶውን ይዞራል።

ፍጥነቱን የምትቆጣጠሩበት ቫልቭ ከፓምፑ መውጫ በኩል ይሁን። ይህን አደራ እላለሁ። ከመግቢያው በኩል ብታጠቡት ፓምፑ የሚስበው ያጣል። ሙቅ ዎርት ደግሞ በዚህ ጊዜ ውስጥ ውስጡን አረፋ ይሠራል፤ ክንፉም ይጎዳል። የመብራት ማደብዘዣ ገዝታችሁ ከግድግዳ ሶኬት በሚሠራው በተለመደው የኤሲ ፓምፕ ላይ አትግጠሙ። ለዚህ አልተሠራም፤ ሞተሩ ይግላል። ጎማዎቹን በፋሸታ አጥብቁ። ጎሚኒዎቹን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በተራ ውሃ ፈትኑ። ውሃውን 70 ዲግሪ አድርሳችሁ ግማሽ ሰዓት አዘዋውሩትና የሚንጠባጠብ ካለ ያኔ አግኙት። ቀዝቃዛ ላይ የማያፈስ ሙቅ ላይ ያፈሳል።

ከላይ የሚመለሰው ጎማ ጫፉ ከፈሳሹ በታች ይሁን። ከብቅሉ በላይ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ዎርት ቆሞ ይታያችሁ፤ ጎማው እዚያ ውስጥ ይተኛ። ከላይ እየተንደቀደቀ ከወረደ አየር ይቀላቅላል፣ አረፋም ያበዛል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀጥ ብሎ ከወረደ ደግሞ ብቅሉን ይቦረቡራል። ቦይ ይሠራል። ዎርቱ በዚያ ቦይ እየሾለከ ይወርዳል፤ የቀረው ብቅል ምንም አይደርሰውም። ጎማውን ወደ ጎን አዙራችሁ ዎርቱ በዝግታ እንዲሽከረከር አድርጉት፣ ወይም ከድስቱ ጋር የሚመጣውን ባለ ቀዳዳ ሳህን ተጠቀሙ።

አሁን የጥመቃው ቀን ደረሰ እንበል። 5 ኪሎ ብቅል፣ 20 ሊትር ውሃ። ብቅላችሁ 20 ዲግሪ ከሆነና 66 ላይ ማረፍ ከፈለጋችሁ ውሃውን 71 አካባቢ አድርሱት። ብቅሉን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አማስሉት፤ የሚጓጉል እንዳይኖር። ከዚያ ክዳኑን ዝጉና 10 ደቂቃ ተዉት። ፓምፑን አትንኩት። ማሞቂያውንም አታብሩት።

ይህቺ 10 ደቂቃ ለብዙ ሰው ከባድ ናት። አዲስ ዕቃ ገዝቶ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። ነገር ግን ገለባው በዚህ ጊዜ ነው ተረጋግቶ ማጥለያ የሚሆነው። መጀመሪያ የሚወርደው ዎርት ደግሞ ዱቄት የበዛበት፣ የደፈረሰ ነው። ያ ዱቄት ወርዶ ማሞቂያው ላይ ከተቀመጠ እንደ ሽሮ ያርራል። ያረረ ዎርት ጣዕሙ ከቢራው አይወጣም፤ ስንት ሳምንት ቢቆይም።

ከ10 ደቂቃ በኋላ ፓምፑን አስነሱ፤ ቫልቩን ግን ሩቡን ብቻ ክፈቱት። ባለ አንድ ሊትር ጆግ ያዙና የሚመለሰውን ዎርት ቀዱበት። በ1 ደቂቃ ከሞላ ለጅምሩ ጥሩ ነው። በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ክፈቱት። በ30 ሴኮንድ መሙላት ሲጀምር 2 ሊትር ደርሳችኋል፤ እዚያ አቁሙ። 20 ሊትሩ በ10 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። በአንድ ሰዓት ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?

ዓይናችሁ ከሁለት ቦታ አይራቅ። አንዱ ከብቅሉ በላይ ያለው ዎርት ነው። ከፍታው እየጨመረ ከሄደ የምትገፉት ብቅሉ ከሚያሳልፈው በልጧል። ቅርጫቱ መሃል ትርፉን የሚያወርድ ቱቦ ካለው ዎርቱ በዚያ መሾለክ ይጀምራል። ብቅሉን ሳይነካ ይወርዳል ማለት ነው፤ ዝውውሩ ለስሙ ነው። ሁለተኛው ከቅርጫቱ ሥር ያለው ዎርት ነው። ይህ ዋናው አደጋ ነው። ብቅሉ ሲታፈንና ማውረጃ ቱቦ ከሌለ ፓምፑ ከሥር ያለውን ሁሉ ስቦ ወደ ላይ ያወጣዋል። ማሞቂያው ደረቅ ይቀራል። በደረቁ የበራ ማሞቂያ ይቃጠላል፤ ላዩ ላይ ያለውም ያርራል። ድስታችሁ ጎኑ ላይ የፈሳሽ ከፍታ ማሳያ ቱቦ ካለው እሱን ተመልከቱ። ከሌለው የፓምፑን ድምፅ ስሙ። ሲስብ የነበረው ድምፁን ቀይሮ ማንኳረር ከጀመረ ወዲያው ማሞቂያውን አጥፉ።

የተዘጋ ድፍድፍ ሲገጥማችሁ አትደንግጡ። ማሞቂያ አጥፉ፣ ፓምፕ አጥፉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት፤ ከላይ የቆመው ዎርት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በረጅም ማማሰያ ብቅሉን ከፍ ከፍ አድርጉት። ሥሩን አትቧጥጡ፤ ወንፊቱ ላይ ያለውን ማጥለያ ታበላሹታላችሁ። እንደገና 5 ደቂቃ አረጋጉት። ስትመለሱ ከበፊቱ በግማሽ ፍጥነት ጀምሩ። ቫልቩን የበለጠ መክፈት የሚመስላችሁ ጊዜ ይኖራል፤ ‘ይገፋዋል’ ብላችሁ። አይገፋውም። ብቅሉን አሽጎ ሥሩ ላይ ይደፍነዋል።

ስንዴ፣ አጃ ወይም ሌላ ገለባ የሌለው እህል የምትቀላቅሉ ከሆነ የሩዝ ገለባ ይኑራችሁ። ከእህሉ ክብደት 5 በመቶ ያህል፣ ለ5 ኪሎ 250 ግራም። በውሃ አለቅልቃችሁ ከብቅሉ ጋር ቀላቅሉት። ጣዕም የለውም፤ መንገድ ይከፍታል።

ስለ ጤፍ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ደስም ይለኛል። ግሉተን ለማይስማማው ሰው ጤፍ ትልቅ ተስፋ ነው። ግን ለዚህ ዓይነቱ ድስት አስቸጋሪ ነው። ፍሬው ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በቅርጫቱ ወንፊት ሾልኮ ማሞቂያው ላይ ይወርዳል። ስታርቹም የሚፈታው ከገብሱ ከፍ ባለ ሙቀት፣ ከ68 ዲግሪ በላይ ነው። መሞከር የሚፈልግ ለብቻው ቀቅሎ፣ አብርዶ፣ በደቃቅ ከረጢት ውስጥ ከብቅሉና ከብዙ የሩዝ ገለባ ጋር ያስገባው። ከጥቂቱ ይጀምር። የገብስ ብቅል ስላለበት ግን ይህኛው ግሉተን ለማይስማማው ሰው አይሆንም።

ሰዓቱ ሲሞላ ሙቀቱን ወደ 76 ከፍ እናደርጋለን። ዎርቱ ይቀጥናል፤ በቀላሉ ይወርዳል። 25 ሊትር ያህል ለማሞቅ 1500 ዋት ለእያንዳንዱ ዲግሪ 70 ሴኮንድ ይፈልጋል። ለ10 ዲግሪ ቢያንስ 12 ደቂቃ፤ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። እዚህ ላይ ኃይሉን ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ዎርቱ ጠርቷል፣ ኢንዛይሙም ሥራውን ጨርሷል። ከ78 ግን አታሳልፉት፤ ገለባው የሚጎመዝዝ ነገር ይለቃል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። 1500 ዋት በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ነው። 15 አምፒር ብሬከር ላይ ሌላ ምንም አትሰኩ። 20 አምፒር መስመር ካላችሁ እሱ ይሻላል። 5500 ዋት ባለ 240 ቮልት የምትሠሩ ከሆነ ወደ 23 አምፒር ነው፤ ለብቻው 30 አምፒር መስመር ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይዘርጋላችሁ። ጂኤፍሲአይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው መከላከያ፣ የሌለው ሶኬት ላይ አትጥመቁ። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ይህ ቀልድ የለውም። ኤክስቴንሽን አትጠቀሙ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ጠብታ ቢወርድ ወደ ሶኬቱ ሳይሆን ወደ ወለሉ ይሂድ።

ስታጸዱ ፓምፑን አትርሱት። አተላውን አውጥታችሁ ዎርቱን አፍልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበት ማጠቢያ በ60 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አዘዋውሩ፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ። የፓምፑን ጭንቅላት አልፎ አልፎ ፈትታችሁ እዩት። ሁለት ሦስት የብቅል ገለባ ክንፉ ሥር ተሸጉጦ ታገኛላችሁ። ፓምፑ ‘ደከመ’ ሲባል ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስገባ።

ለብዙ ዓመት ጠላ የጠመቁ አንዲት እናታችን ‘ጌሾውን የት ላግባው?’ ሲሉ ጠየቁ። እማማ፣ ጌሾውን ማፍላቱ ላይ ያግቡት፤ ቢራውን በሚያመርረው አበባ፣ በሆፕስ ፈንታ ወይም ከሆፕስ ጋር። ግን በተልባ እግር ከረጢት ወይም ሆፕስ በሚገባበት ባለ ወንፊት ቆርቆሮ ውስጥ ያድርጉት። እንጨቱና ቅጠሉ ልቅ ከሆነ ፓምፑን ይዘጋብዎታል። ድፍድፉ ላይ ግን አያስገቡት፤ ዝውውሩ ላይ ሥራ የለውም።

አንድ ወንድማችን ደግሞ ድስቱን አዲስ አበባ ሊወስደው አስቧል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ቮልቱን እይ። የ120 ቮልት ማሞቂያ 220 ላይ ብትሰካው ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 1500 የነበረው ወደ 5000 ዋት ይወጣል። ያቃጥለዋል። ቮልቱ በማብሪያ የሚቀያየርለትን ወይም ከጅምሩ ለ220 እና ለ240 የተሠራውን ግዛ። ከፍታው ደግሞ አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድፍድፉ ላይ ለውጥ የለውም፤ 66 እዚያም 66 ነው። የፈላ ዎርት በፓምፕ ስታዘዋውር ግን አረፋው ፓምፑ ውስጥ በ90 ዲግሪም ይነሳል። ስለዚህ ማፍላቱን አቁመህ፣ ወደ 85 እስኪወርድ ጠብቀህ አዘዋውር። ሆፕሱም በዝቅተኛ ሙቀት መራርነቱን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ትንሽ ጨምርበት፣ ወይም ማፍላቱን አርዝመው።

መብራት ቢጠፋስ? ለሚለውም መልስ አለው። 20 ሊትር ውሃና 5 ኪሎ ብቅል የያዘ የተጠቀለለ ድስት 1 ዲግሪ ለማጣት ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስድበታል። ግማሽ ሰዓት ቢጠፋ 2 ወይም 3 ዲግሪ ነው የሚወርደው፤ ክዳኑን አትክፈት። ግን መብራት እንደሄደ ስፒናውን ንቀል። አንዳንዱ ድስት መብራት ሲመለስ ማሞቂያውን ራሱ ያበራል፤ ፓምፑ ቆሞ ከሥር ያለው ዎርት ብቻውን ይግላል። መብራቱ ሲመጣ ብቅሉን ቀስ አድርገህ አንስተው፣ 5 ደቂቃ አረጋጋው፣ ፓምፑን በሩብ ቫልቭ አስነሳ። ዎርቱ መዘዋወሩን ካየህ በኋላ ማሞቂያውን በትንሽ ኃይል አብራው።